ጦሩን ወደ ፀሐይ የመራው ቦቴ

በ2007 አፍጋኒስታን ውስጥ ለእያንዳንዱ 24 የአሜሪካ ጦር የነዳጅ ኮንቮይ በአማካይ አንድ ሰው ሞቷል ወይም ቆስሏል። ስሌቱን የሠራው የሰላም ማኅበር ወይም የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት አይደለም፤ የአሜሪካ ምድር ጦር የራሱ የጥናት ተቋም ነው። ጥናቱ የወጣው በ2009 ነው። በኢራቅ አደጋው ትንሽ ቀለል ይል ነበር፤ ወደ 39 ለሚጠጉ ኮንቮዮች አንድ ተጎጂ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጦር ሠራዊትና ስለ ንጹሕ የኃይል ምንጭ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው የሚቀልጥ በረዶን፣ ዓለም አቀፍ ጉባኤን፣ የመንግሥታትን ቃል ኪዳን ነው። ጦሩን ወደ ፀሐይ ፊቱን እንዲያዞር ያስገደደው ግን ከሁሉ በፊት ቦቴው ነው። ይህን መነሻ ካልያዝን፣ ወታደር የፀሐይ ፓነልን ለምን እንደወደደው፣ እስከ የት አብሮት እንደሚሄድና የት ላይ ጥሎት እንደሚቀር ልንረዳ አንችልም።

አፍጋኒስታን የባሕር በር የላትም። ለጦሩ የሚሄደው ነዳጅ ከደቡብ በፓኪስታን ተራሮች፣ ከሰሜን ደግሞ በመካከለኛው እስያ በኩል በቦቴ ይገባ ነበር። ከጅቡቲ የሚመጣ ቦቴ በዘገየ ቁጥር ማደያ ላይ የሚሰለፍ ኢትዮጵያዊ የዚህን መንገድ ጭንቀት በከፊል ያውቀዋል። እዚያ ግን መንገዱ ላይ ፈንጂ ተቀብሮ ይጠብቃል። ነዳጁ ከትልቁ ጦር ሰፈር ከደረሰ በኋላም ጉዞው አያበቃም። በኮረብታ ላይ ላሉት ትንንሽ ምሽጎች እንደገና ይከፋፈላል፤ መንገድ በሌለበት በሄሊኮፕተር ይጫናል፤ ሄሊኮፕተሩም በተራው ነዳጅ ይፈጃል። ፔንታጎን በ2009 ለኮንግረስ እንዳስረዳው፣ እጅግ ሩቅ ቦታ የሚደርስ አንድ ጋሎን ነዳጅ፣ ማለትም 3.8 ሊትር ገደማ፣ የማጓጓዣውና የጥበቃው ወጪ ሲደመርበት እስከ 400 ዶላር ሊያወጣ ይችላል።

የአድዋን ዘመቻ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። በጥር 1888 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ መቀሌ እንዳየሱስ ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያኑ የማጆር ጋሊያኖ ጦር ቦታውን የለቀቀው ግንቡ በመድፍ ፈርሶበት አልነበረም። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃ ምንጩ ተይዞበት ነው። የዛሬው ምሽግ ከውኃ ሌላ ሁለተኛ ጥም ተጨምሮበታል፤ የናፍታ ጥም።

ይህን ቀድመው በአደባባይ የተናገሩት በጦር ሜዳ የነበሩ አዛዦች ናቸው። በ2003 ወደ ባግዳድ የገሠገሠውን የማሪን ክፍለ ጦር የመሩት፣ ኋላም የመከላከያ ሚኒስትር የሆኑት ጄኔራል ጄምስ ማቲስ፣ ከዚያ ዘመቻ በኋላ ጦሩን ከታሰረበት የነዳጅ ገመድ እንዲፈቱላቸው ተመራማሪዎችን ጠየቁ። በ2006 ደግሞ በምዕራብ ኢራቅ የአንባር ግዛት አዛዥ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ሪቻርድ ዚልመር ወደ ዋሽንግተን አስቸኳይ ጥያቄ ላኩ። የጠየቁት ታንክ ወይም ተጨማሪ ወታደር ሳይሆን የፀሐይ ፓነልና የነፋስ ተርባይን ነው። ምሽጎቹ የራሳቸውን ኤሌክትሪክ ቢያመነጩ በመንገድ ላይ የሚያልፈው ቦቴ ይቀንሳል፤ ቦቴው ሲቀንስ እሱን ሲያጅብ የሚሞተው ልጅ ይቀንሳል። የጄኔራሉ ክርክር ይኸው ነበር፤ ስለ ምድር ሙቀት አንድም ነገር መጨመር አላስፈለጋቸውም።

ሳንጊን

በ2010 መጸው የ5ኛው የማሪን ሬጅመንት 3ኛ ሻለቃ በሔልማንድ ግዛት ወደምትገኘው ሳንጊን ዘመተ። ከሻለቃው ኢንዲያ የተባለው ሻምበል አዲስ ትጥቅ ይዞ ነበር። ከትጥቁ መካከል እንደ ጨርቅ ታጥፈው በጀርባ ቦርሳ የሚያዙ ፓነሎች፣ በላያቸው የፀሐይ ሴል የተሰፋባቸው የድንኳን ጥላዎች፣ በሣጥን የተገጠሙ ባትሪዎችና ኤሌክትሪክ የሚቆጥቡ ኤልኢዲ አምፖሎች ይገኙበታል። ይህ ሁሉ አስቀድሞ አሜሪካ ውስጥ ጦር ሜዳን እንዲመስል በተሠራ የሙከራ ምሽግ ተፈትኗል።

ውጤቱ ከተጠበቀው በላይ ሆነ። ሁለት አነስተኛ ምሽጎች ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ሠሩ። በሦስተኛው በቀን 75 ሊትር ገደማ ይፈጅ የነበረው ጀነሬተር ወደ 9.5 ሊትር ወረደ። ለቅኝት የወጣ ቡድን ለሦስት ሳምንት አዲስ ባትሪ ሳይላክለት ግዳጁን ተወጣ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለ72 ሰዓት ግዳጅ የሚወጣ የአሜሪካ እግረኛ ለራዲዮው፣ ለሌሊት መነጽሩና ለአቅጣጫ መጠቆሚያው የሚሸከመው ባትሪ ብቻ ወደ 7 ኪሎ ይደርሳል። ወታደሮቹ ማንም ያላሰበውን ሌላ ጥቅምም አገኙ። ሌሊት ጀነሬተሩ ሲጠፋ ምሽጉ ጸጥ አለ፤ በጨለማ የሚጠጋ ሰው ኮቴ መሰማት ጀመረ።

ይህን የስኬት ታሪክ ሳነብ ከአእምሮዬ የማይጠፋ ሌላ ቁጥር አለ። ያ ሻለቃ ከሳንጊን ሲመለስ 25 ሰዎቹን አጥቶ ነበር፤ የቆሰሉትና አካላቸውን ያጡት ደግሞ ብዙ ናቸው። የሳንጊን ነዋሪዎች የከፈሉት ተለይቶ የሚጻፍ ነው። ፓነሉ በነዳጅ መንገድ ላይ የሚጠፋ ሕይወትን ያተርፋል፤ ጦርነቱን ግን የዋህ አያደርገውም። ስለ «አረንጓዴ ጦር» የሚጻፉ የደስታ ጽሑፎች ይህን ሲዘሉት ያሳዝነኛል።

ጥቂት ፓነሎች 75 ሊትርን ወደ 9.5 እንዴት ሊያወርዱ ቻሉ? ምስጢሩ ያለው በፀሐይዋ ብቻ ሳይሆን በጀነሬተሩም ባሕርይ ውስጥ ነው። ጀነሬተር የሚመረጠው ለከፍተኛው ጭነት ነው፤ ማቀዝቀዣውም፣ ማብሰያውም፣ ራዲዮውም፣ ኮምፒውተሩም በአንድ ጊዜ ቢከፈቱ እንዲችል ተደርጎ። እንዲህ ያለው ሰዓት በቀን ውስጥ ጥቂት ነው። በቀረው ጊዜ ሞተሩ ከአቅሙ ሩቡን ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ እየሠራ ይውላል፤ ያድራል። የናፍታ ሞተር ደግሞ ጭነቱ በግማሽ ቀነሰ ብሎ ነዳጁን በግማሽ አይቀንስም። ራሱን ለማሽከርከር፣ የብረቱን ሰበቃ ለማሸነፍ፣ ማራገቢያውንና ፓምፑን ለማንቀሳቀስ የሚፈጀው ነዳጅ ጭነት ኖረም አልኖረም አይቀርም። በዚያ ላይ በዝቅተኛ ጭነት የሚሠራ ሞተር በበቂ ስለማይሞቅ ነዳጁን አሟጦ አያቃጥልም። ያልተቃጠለው ተረፈ ነዳጅ ከጥቀርሻ ጋር እየተለወሰ ጭስ ማውጫው ላይ ይጋገራል፤ ውሎ አድሮም ሞተሩን ለጥገና ይዳርጋል።

ባትሪ መሃል ሲገባ ይህ ሁሉ ይለወጣል። ጀነሬተሩ በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይነሳል፤ ሲነሳም በተሠራበት ጉልበት ልክ ሠርቶ፣ ናፍታውን በሚገባ አቃጥሎ፣ ባትሪውን ሞልቶ ይጠፋል። በቀረው ሰዓት ምሽጉ ከባትሪው ይጠቀማል። ፓነሉ በበኩሉ ቀን ቀን ባትሪውን እየሞላ፣ ጀነሬተሩ የሚነሳበትን ጊዜ የበለጠ ያሳጥረዋል። ሰማይ በጠራበት ቀን እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1,000 ዋት ገደማ ነው። ጥሩ ፓነል ከዚህ አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 200 ዋቱን፣ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ታጥፈው የሚያዙት ቀላል ፓነሎች ከዚህ ያነሰ ይሰጣሉ፤ ቢሆንም ራዲዮ፣ ላፕቶፕና ጥቂት አምፖል ለሚያበራ ምሽግ ይህ ብዙ ነው።

እንዲያውም ትልቁ ብክነት ያለ ፀሐይ ጭምር ሊቀነስ የሚችል ነበር። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጀነሬተሮቹ ካመነጩት ኤሌክትሪክ ብዙው የሚሄደው ድንኳን ለማቀዝቀዝ ነው፤ ድንኳኑ ደግሞ ስስ ሸራ ነውና ቅዝቃዜው እንደገባ ይወጣል። ጦሩ ዘግይቶም ቢሆን በድንኳኖቹ ላይ ሲደርቅ የሚጠነክር አረፋ ማስረጨት ጀመረ፤ የማቀዝቀዣዎቹም ፍጆታ በእጅጉ ወረደ። ሕይወት ያለፈባቸው ስንት ቦቴዎች በረሃውን ለማቀዝቀዝ ብቻ እንደተጓዙ ሳስብ፣ ይህ ነገር ቀድሞ አለመታሰቡ ያስቆጨኛል።

ባሕሩ ወደ ሰፈሩ ሲመጣ

እስካሁን ያየነው ጦሩ በሰው አገር ስላለበት ችግር ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ግን በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሰፈሩ መጣበት።

ጥቅምት 10 ቀን 2018 ማይክል የተባለው አውሎ ነፋስ በፍሎሪዳ የሚገኘውን የቲንዳል አየር ኃይል ሰፈር መታው። ጥገና ላይ ስለነበሩ መብረር ያልቻሉ ኤፍ-22 ጄቶች በሀንጋሮቹ ውስጥ እንዳሉ ጣሪያው ተገነጠለ። ሰፈሩን መልሶ ለመገንባት 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተመደበ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ፍሎረንስ የተባለው ማዕበል በሰሜን ካሮላይና የማሪኖቹን ካምፕ ሌዡን አጥለቅልቆ ነበር፤ የዚያ ጉዳት 3.6 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በመጋቢት 2019፣ በኔብራስካ የወንዝ ሙላት ከኦፉት አየር ኃይል ሰፈር አንድ ሦስተኛውን ሸፈነው። ኦፉት የአሜሪካ የኑክሌር ኃይል የሚታዘዝበት ሰፈር ነው። ከባሕር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ መሃል አገር ላይ መገኘቱ ከውኃ አላዳነውም።

ከዋሽንግተን በስተደቡብ፣ በዚያው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት፣ ኖርፎክ አለች። በዓለም ትልቁ የባሕር ኃይል ሰፈር የሚገኘው እዚህ ነው። ባሕሩ እዚያ ባለፈው አንድ ክፍለ ዘመን ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሏል፤ ይህ ከዓለም አማካይ እጥፍ ገደማ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። ባሕሩ ይሞላል፤ መሬቱ ራሱ ደግሞ ይሰምጣል። ስለዚህ ማዕበልም ዝናብም በሌለበት ቀን፣ የባሕሩ ሙላት ከፍ ስላለ ብቻ ወደ ሰፈሩ የሚወስዱት መንገዶች ውኃ ይተኛባቸዋል። ፔንታጎን በጥር 2019 ባወጣው ዘገባ ከመረመራቸው 79 ቁልፍ ሰፈሮች 53ቱ በተደጋጋሚ ጎርፍ የሚጠቁ ሆነው ተገኝተዋል። ያን ጊዜ ሥልጣን ላይ የነበረው መንግሥት ለአየር ንብረት ጉዳይ ፍቅር ያልነበረው መሆኑን ልብ ይሏል።

ሙቀቱም በቀጥታ ጦሩን ይነካል። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ክንፍን የመሸከም አቅሙ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ አውሮፕላን ወይ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል ወይ ጭነት ይቀንሳል። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ከሚገኘው ቦሌ የሚነሱ አብራሪዎች ከፍታው ያመጣውን ይህን ችግር ዕለት ዕለት ያውቁታል፤ በቆላ ያሉ ሰፈሮችን ደግሞ ሙቀቱ ወደዚያው እየገፋቸው ነው። የወታደሩ ገላም ወሰን አለው። ሙቀቱ፣ እርጥበቱና የፀሐዩ ግለት ተደምረው ከተወሰነ መጠን ሲያልፉ አሠልጣኞች ጥቁር ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ አስገዳጅ ካልሆነ በቀር ከባድ ልምምድ ይቆማል።

አብዛኞቹ የአሜሪካ ሰፈሮች ኤሌክትሪክ የሚገዙት ሲቪሉ ሕዝብ ከሚጠቀምበት መረብ ነው። ማዕበል ምሰሶውን ሲጥል ከተማውም ሰፈሩም አብረው ይጨልማሉ። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ማይክሮግሪድ ይባላል፤ ከትልቁ መረብ ጋር ተያይዞ የሚኖር፣ በችግር ጊዜ ግን ግንኙነቱን ቆርጦ ብቻውን መቆም የሚችል ትንሽ መረብ ማለት ነው። ይህን ማድረግ ከባድ የሚሆነው በሚዛኑ ምክንያት ነው። በኤሌክትሪክ መረብ ውስጥ የሚመነጨውና የሚበላው ኃይል በእያንዳንዷ ቅጽበት እኩል መሆን አለበት፤ በትልቅ መረብ ውስጥ አንድ ማሽን ቢነሳ ወይም ቢጠፋ አይታወቅም፤ በትንሹ ውስጥ ግን ወዲያው ያናጋዋል። ሚዛኑን በሰከንድ ክፍልፋይ የሚጠብቀው ባትሪው ከነመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ ነው። በሳንዲየጎ የሚገኘው የማሪኖቹ ሚራማር አየር ሰፈር እንዲህ ያለውን መረብ ገንብቷል፤ ከኃይል ምንጮቹ አንዱ ከከተማው የቆሻሻ መጣያ የሚወጣው ጋዝ ነው። ምድር ጦሩም በየካቲት 2022 ባወጣው ዕቅድ በ2035 እያንዳንዱ ሰፈሩ ማይክሮግሪድ እንዲኖረው ወስኖ ነበር።

ችግርን የሚያበዛ ችግር

በ2007 በጡረታ ላይ የነበሩ 11 የአሜሪካ ጄኔራሎችና አድሚራሎች፣ በምድር ጦሩ የቀድሞ ኤታማዦር ሹም በጎርደን ሰሊቫን ሰብሳቢነት፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ጸጥታ አንድ ዘገባ አወጡ። በዘገባው የአየር ንብረት ለውጥ ሌሎች ሥጋቶችን የሚያበዛ ሥጋት ተብሎ ተገለጸ፤ አገላለጹ የሼሪ ጉድማን ሲሆን እሳቸው ቀደም ሲል በፔንታጎን የአካባቢ ደኅንነት ኃላፊ ነበሩ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ድርቅ ብቻውን ጦርነት አይወልድም፤ ነገር ግን ደካማ መንግሥት፣ የቆየ ቂምና ሥራ አጥ ወጣት ባሉበት ቦታ ሲጨመር ሁሉንም ያባብሳል። የጸጥታ ባለሙያዎች ከዚህ ያለፈ ሲናገሩ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የአንድን ጦርነት ጥፋት በዝናብ ላይ ማሳበብ ተኳሹን ከተጠያቂነት ነፃ ማውጣት ነው።

ጎረቤታችን ሶማሊያ ይህን በግልጽ ታሳያለች። ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ወደ መጠለያ ጣቢያ ተሰደደ፤ አልሸባብ ደግሞ የውኃ ጉድጓዶችን በመቆጣጠርና በማውደም ጥሙን መሣሪያ አደረገው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ2017 ስለ ቻድ ሐይቅ አካባቢ፣ በ2018 ደግሞ ስለ ሶማሊያ ባሳለፋቸው ውሳኔዎች የአየር ንብረት ለውጥን ጸጥታን ከሚያናጉ ነገሮች መካከል ጠቅሶታል። ጉዳዩን ለዓለም ሁሉ የሚሠራ ደንብ ለማድረግ ኒጀርና አየርላንድ በታኅሣሥ 2021 ያቀረቡት ረቂቅ ግን 12 ድምፅ ቢያገኝም በሩሲያ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ወደቀ፤ ህንድም ተቃወመች፤ ቻይና ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች።

ጄቱና ስሌቱ

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንምጣ። ከአሜሪካ መከላከያ የኃይል ፍጆታ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው የሚሄደው ለሰፈሮች ሳይሆን ለሚንቀሳቀሰው ነገር ነው፤ ከዚያም ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የጄት ነዳጅ ነው። እዚህ ላይ ፀሐይዋም ባትሪውም አቅም ያጥራቸዋል። አንድ ኪሎ የጄት ነዳጅ 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ይይዛል፤ አንድ ኪሎ ጥሩ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን ብዙም ሳያባክን እንደሚጠቀም፣ የጄት ሞተር ደግሞ አብዛኛውን በሙቀት እንደሚያጣ ብናስብ እንኳ፣ ነዳጁ ከ15 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ተዋጊ ጄትን በባትሪ ማብረር ማለት ክብደቱ ከመሬት የማይነሳ አውሮፕላን መሥራት ማለት ነው። ኤብራምስ የተባለው ታንክም ከዚህ አይሻልም፤ 1,900 ሊትር ገደማ ነዳጅ ይይዛል፤ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ4 ሊትር ያላነሰ ይፈጃል።

የባሕር ኃይሉ ይህን በነዳጁ ዓይነት ለመፍታት ሞከረ። ሚኒስትሩ ሬይ ሜበስ በ2012 በሃዋይ አካባቢ በተካሄደ ልምምድ ላይ መርከቦችና ጄቶች ግማሹ ከአልጌና ካገለገለ የምግብ ዘይት በተሠራ ነዳጅ እንዲንቀሳቀሱ አደረጉ። መርከቦቹም ጄቶቹም ሠሩ፤ ሞተር መለወጥ አላስፈለገም። ነገር ግን ነዳጁ ከመደበኛው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በጋሎን 26 ዶላር ገደማ አወጣ፤ በኮንግረስም ቁጣ ቀሰቀሰ። በ2016 «አረንጓዴ» የተባለው የመርከብ ቡድን በእውን ሲሰማራ ዋጋው ከመደበኛው ነዳጅ ጋር ተቀራርቦ ነበር፤ ቅልቅሉ ግን ወደ 10 በመቶ ወርዶ፣ እሱም ከከብት ሞራ የተሠራ ነበር። 90 በመቶው ፔትሮሊየም የሆነውን መርከብ አረንጓዴ ብሎ መሰየም ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሯ ኔታ ክሮፎርድ በ2019 እንዳሰሉት፣ የአሜሪካ መከላከያ በ2017 ወደ አየር የለቀቀው ጋዝ 59 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው፤ ከመላዋ ስዊድን ወይም ከመላዋ ዴንማርክ ይበልጣል። ከቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ጋር ሲነጻጸር ልቀቱ በእጅጉ መቀነሱን እሳቸው ራሳቸው ያስረዳሉ፤ ለመቀነሱ ግን ሰፈሮች መዘጋታቸውና ዘመቻዎች ማነሳቸው ከፓነሎቹ ያልተናነሰ ድርሻ አላቸው። የዓለም ጦር ኃይሎች በሙሉ ሲደመሩ ከምድር ልቀት 5.5 በመቶ ያህሉን እንደሚይዙ በ2022 የወጣ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ግምት አለ። ግምት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1997 በኪዮቶ ድርድር ላይ አሜሪካ ገፍታ አብዛኛው ወታደራዊ ልቀት ከሒሳቡ እንዲወጣ አድርጋለች፤ የ2015ቱ የፓሪስ ስምምነትም ነገሩን ለየመንግሥታቱ ፈቃድ ተወው። ገበሬው ያረባው በሬና ባለታክሲው ያቃጠለው ቤንዚን ሲቆጠር የጦር ጄቱ አለመቆጠሩ ፍትሕ አይደለም።

በ2025 ደግሞ ነፋሱ ተገለበጠ። አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት በጥር ወር የቀድሞውን መንግሥት የአየር ንብረት ትእዛዛት ሻረ፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴትም በመጋቢት መሥሪያ ቤታቸው ከአየር ንብረት ጉዳይ ጋር ሥራ እንደሌለው፣ ሥራው ሥልጠናና ውጊያ እንደሆነ በአደባባይ አስታወቁ። ለኔ ይህ ውሳኔ ትልቅ ጥፋት ነው። የኖርፎክ ባሕር ማን እንደተመረጠ አይጠይቅም፤ ቲንዳልን የመታውም ማዕበል እንዲሁ። ሆኖም ከቦቴው የተጀመረው ክርክር በዚህ አዋጅ አይሻርም። የነዳጅ መንገድን ማሳጠር ዛሬም የውጊያ ጥያቄ ነው፤ ዚልመር በ2006 የጠየቁትን ለመጠየቅ የአየር ንብረት የሚለውን ቃል ማንሳት አያስፈልግም።

ይህ ጉዳይ እኛንም በቀጥታ ይመለከተናል። ኢትዮጵያ ለተወሰኑ ዓመታት ለተባበሩት መንግሥታት ተልእኮዎች ከዓለም ብዙውን ሰላም አስከባሪ ያዋጣች አገር ነበረች። በሶማሊያም ሠራዊቷ ከ2014 ጀምሮ በአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ ሥር ሲሠራ፣ ዋና መምሪያው በባይደዋ ነበር። የሠራዊቱ ካምፖች ጀነሬተሮች በናፍታ ነው የሚሠሩት፤ ናፍታው የሚጓዝባቸው መንገዶች ላይ አልሸባብ ፈንጂ ይቀብራል። በሳንጊን የተገኘው ትምህርት ቃል በቃል የሚሠራው እዚህ ነው፤ ፀሐይዋም ከሔልማንድ አታንስም። የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት በ2030 ከሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ 80 በመቶው ታዳሽ እንዲሆን ዕቅድ ይዟል፤ በባይደዋም ለካምፑ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ከኩባንያ በግዢ ለመውሰድ ተዋውሏል።

ለውጡን የሚያዘገየው ቴክኖሎጂው አይደለም፤ የክፍያው አሠራር ነው። በሰላም ማስከበር ሥርዓት ጀነሬተሩን ይዞ የሚሄደው ወታደር የሚያዋጣው አገር ነው፤ ነዳጁን በነፃ የሚያቀርበው ግን ድርጅቱ ነው። ለነዳጅ የማይከፍል አዛዥ ሊትር የሚቆጥብበት ምክንያት አይታየውም፤ ቦቴውን አጅቦ የሚወጣው ግን የእሱ ወታደር ነው። ስለዚህ ይህን የሚያነብበው ሰው ሠራዊት የሚያሰማራ፣ የካምፕ ዕቅድ የሚያወጣ ወይም በኒው ዮርክ ስለ ማካካሻ ክፍያ የሚደራደር ኢትዮጵያዊ ኃላፊ ከሆነ አደራ እላለሁ። የሚቀጥለው ሻለቃ ሲወጣ ከጀነሬተሩ ጋር ባትሪና ፓነል አብሮ ይጫን፤ ካምፑ በቀን የሚያቃጥለው ናፍታ ይመዝገብ፤ ከእያንዳንዱ የነዳጅ ኮንቮይ ጋር የወጡትና የተመለሱት ወታደሮች ቁጥርም በዚያው መዝገብ ላይ ይጻፍ።